ሚስቴ የቆረጠችልኝ ቀለብ

በሰው ፍቺ ላይ ሽማግሌ ሆኜ መቀመጥ ከጀመርሁ ብዙ ዘመኔ ነው። ባልና ሚስት ሲለያዩ ምን እንደሚባባሉ፣ ማን ምን ይዞ ለመውጣት እንደሚታገል፣ ወንዱ ቀለብ ላለመቁረጥ ምን ምን ሰበብ እንደሚደረድር ጠንቅቄ አውቃለሁ። እስከ ዛሬ ካየኋቸው ሁሉ ግን የራሴን ፍቺ የሚመስል አንድም አላጋጠመኝም። በእኛ ፍቺ ቀለብ ልቁረጥ ብላ የተሟገተችው ሚስትየዋ ነበረች። አልቀበልም ብሎ የተሟገተው ባልየው፣ እኔ ነበርሁ። ነገሩ የሦስት ቀን ነገር ነው፤ ከዚያ ወዲህ የኖርሁት ኑሮ ግን ሁሉም ከዚያ የመጣ ስለሆነ ከመነሻው ላጫውታችሁ።

ከጦርነቱ በፊት ከባሕር ዳር ጎርጎራ በሚመላለሰው የሕዝብ ጀልባ ላይ የሞተር ሠራተኛ ነበርሁ። የሺመቤትን ያገኘኋትም እዚያው ነው። የጎርጎራ ልጅ ናት፤ ባሕር ዳር ያለች አክስቷን ልትጠይቅ ተሳፍራ ነበር። ሞገድ ተነሥቶ ሌላው ተሳፋሪ ሁሉ ታቦቱን ሲማጸን፣ እሷ ወደ ሞተሩ ክፍል ጎንበስ ብላ «ይኼ ነገር እንዲህ የሚጮኸው ደኅና ሲሆን ነው ወይስ ሲታመም?» ስትል ጠየቀችኝ። ደኅና ሲሆን ነው አልኋት። «እንግዲያው ልተኛ» ብላ ነጠላዋን ተከናንባ ተኛች። በዓመቱ በሰማኒያ ተጋባንና ባሕር ዳር ሹም አቦ ሰፈር ጎጆ ወጣን።

ጎጇችን በቅጡ ሳይሞቅ የምሥራቁ ጦርነት መጣ። ስዘምት ደመወዜን እየተቀበለች እንድትኖርበት መሥሪያ ቤቴ ፈርሜላት ሄድሁ። የተመለስሁት በሁለት ክራንች ነው። የፈንጂ ፍንጣሪ ዳሌዬን ጎድቶት ግራ እግሬ አይታዘዘኝም ነበር። ከዚያ የከፋው ግን ሐኪሙ ሌላው ሰው ከክፍሉ እስኪወጣ ጠብቆ የነገረኝ ነገር ነው። ከእንግዲህ ልጅ መውለድ አትችልም አለኝ።

ጀልባ ላይ መውጣት ስለማልችል ከሥራዬ ተሰናበትሁ። የጡረታዬ ጉዳይ አዲስ አበባ ተልኮ መልስ አልመጣም። የሺመቤት እኔ ዘምቼ ሳለሁ ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ተቀጥራ ፈትል ክፍል ትሠራ ነበር። የምንኖረው በእሷ ደመወዝ ሆነ።

አንድ ዓመት ያህል በዚህ ሁኔታ ከረምን። ክፉ ቃል ከአፏ አልወጣም። እኔ ግን የጎረቤት ሕፃን አዝላ ስታባብል፣ የሕፃኑን እግር በመዳፏ ጨብጣ ዝም ስትል አያታለሁ። አንድ ከሰዓት በኋላ ከሥራ ስትመለስ እንፋታ አልኋት።

ነጠላዋን ሳታወልቅ ተቀመጠች። «ሙሉቀን፣ ሌላ ሴት አይተህ ነው እንዳልል፣ ከዚህ ግቢ ወጥተህ አታውቅም» አለች። ልታስቀኝ ፈልጋ ነበር።

«የሺ፣ እውነቱን ንገሪኝ። ልጅ ትፈልጊያለሽ?»

የነጠላዋን ጫፍ ጠቅልላ ፈታች።

«እፈልጋለሁ» አለች በመጨረሻ። «አልፈልግም ብልህ ለዛሬ ደስ ይልህ ይሆናል። ግን ውሸት ነው። ዕድሜ ልኬን ስዋሽህ ልኖር አልችልም።»

ከእሷ የማደንቀው የመጀመሪያው ነገር ይህ ነው። ሌላ ሰው ቢሆን ያን ሰዓት በደግነት ይዋሸኝ ነበር። እኔም ውሸቱን አምኜ እተኛና ጠዋት ስነሣ መልሼ እጠራጠር ነበር። እሷ እውነቱን ስትነግረኝ አረፍሁ። አብረን አለቀስን። ከዚያ ተነሥታ ራት ሠራች።

ሽማግሌ የተቀመጠው እሑድ ከቅዳሴ በኋላ፣ ከሐይቁ ዳር በሚገኘው በመሪጌታ ኅሩይ ቤት በረንዳ ላይ ነው። መሪጌታ ቄስም የቅኔ መምህርም ናቸው፤ ሰፈሩ በሙሉ የኔታ ይላቸዋል። ሰብሳቢው እሳቸው ሆኑ። በእኔ በኩል ታላቅ ወንድሜ አለምነህ ከሐሙሲት አካባቢ መጣ፤ አራሽ ነው፤ እኔን ያሳደገኝም እሱ ነው። የሺመቤት አባቷ በሕይወት ስለሌሉ ጎረቤታችንን ሐጂ ኑሩን ጠራች። ሐጂ ጨርቅ ነጋዴ ናቸው፤ ስዘምት እሷን እንደ ልጃቸው የጠበቋት እሳቸው ነበሩ።

የኔታ እንደ ደንቡ መጀመሪያ ሊያስታርቁን ሞከሩ። ምክንያቱን በጆሯቸው ስነግራቸው ግን አንገታቸውን ደፉና «እንግዲያው ጠብ የለም፤ ጠብ ከሌለ ምኑን አስታርቃለሁ» አሉ። ንብረቱ ቶሎ አለቀ። አልጋውም፣ ሬዲዮውም፣ የቀበሌው ቤትም ለእሷ ይሁን አልሁ።

«ቀለብስ?» አሉ የኔታ።

አለምነህ ጉሮሮውን ጠረገ። «የኔታ፣ ወንድሜ እንደሚያዩት ነው። ሥራ የለው፣ ጡረታው አልመጣ። ከየት አምጥቶ ይቆርጥላታል? እባክዎ እሱን ይተዉልን።»

«ልጅቱ ከእሱ ቀለብ አልጠየቀችም» አሉ ሐጂ። «እኔንም ትናንት ስትነግረኝ ገርሞኛል። ራሷ ትናገር።»

የሺመቤት ከመቀመጫዋ ተነሣች። «የምቆርጥለት እኔ ነኝ። ከደመወዜ ሲሶውን፣ ፋብሪካው በየወሩ እየቆረጠ ለእሱ እንዲሰጠው። በእግሩ እስኪቆም ድረስ።»

ከሐይቁ በኩል አንድ ታንኳ ስትቀዘፍ ይሰማል። አለምነህ ቀስ ብሎ፣ ቃል እየመረጠ ጀመረ።

«እመቤቴ፣ ልብሽ ደግ ነው፤ አውቃለሁ። ነገር ግን በእኛ አገር ሴት ለፈታችው ባል ቀለብ ስትቆርጥ አልታየም። ወንድሜ አገሩን ሲጠብቅ የቆሰለ ሰው ነው። ነገ ገበያ ላይ ምን ይባላል?»

«ጋሼ አለምነህ፣ ገበያው ምን እንደሚል እኔም አላውቅም። እኔ የማውቀው ምን እንደሚበላ ነው።»

«እኔ ቤት ይበላል።»

«እርስዎ ስምንት ነፍስ ያስተዳድራሉ።»

እኔ በዚህ ጊዜ አንገቴን ቀና አድርጌ «አልቀበልም» አልሁ። «ለምኜ እበላለሁ እንጂ ከአንቺ አልቀበልም።»

የኔታ ነገሩን ለማለዘብ መሰላቸው፣ «እስቲ ዝቅ እናድርገው። ሲሶው ቀርቶ ለሻይ ለስኳር የምትሆን ትንሽ ነገር ብትሆን እሱም አይከብደው» አሉ።

የሺመቤት ራሷን ነቀነቀች። «የኔታ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ። ዝቅ ካለ ምጽዋት ይሆናል። እኔ ለሙሉቀን ምጽዋት አልሰጥም።»

ሐጂ ኑሩ ፂማቸውን እየዳሰሱ ፈገግ አሉ። «እኔ በንግድ ስኖር ሰጪ ልጨምር፣ ተቀባይ ይቀነስልኝ ሲል አይቼ አላውቅም» አሉ። የሳቀ ግን አልነበረም። እኔ ክራንቼን አንሥቼ ወጣሁ። ጉዳዩም ለማክሰኞ ተቀጠረ።

ያን ዕለት አለምነህ «ነገ ጠዋት በአውቶቡስ ወደ እኔ ቤት እንሂድ፤ እዚያ ስትደርስ ነገሩ በራሱ ይበርዳል» አለኝ። እሺ አልሁ። ሰኞ የሺመቤት ለጠዋት ፈረቃ ገና ሳይነጋ ወጣች። እኔ ልብሴን በአንዲት ሻንጣ ከተትሁና ከወንድሜ ጋር መናኸሪያ ወረድሁ። የዓባይን ድልድይ ስንሻገር ወደ ሐይቁ አልተመለከትሁም። አየሁት ማለት መቅረቴ ነበር።

ሐሙሲት ስንደርስ ፀሐዩ ገና አልበረታም። የአለምነህ ቤት ከመንገዱ ርቆ ስለሆነ በክራንች የሚደረስበት አይደለም። «አንተ እዚህ ሻይ ቤት ቆይ፤ እኔ በቅሎ ተውሼ ልምጣ» ብሎኝ ሄደ። ሻይ ቤቱ መንገዱ ዳር ነው። ከጎንደር የሚመጣውም ወደ ጎንደር የሚሄደውም መኪና ይቆምበታል። ባለቤቲቱ፣ ጎልማሳ ሴት ናት፣ ክራንቼን አይታ ወንበር ለእግሬ አስጠጋችልኝ። ሻይና ዳቦ አዘዝሁ። ወደ ወንድሜ ቤት ስገባ ይታየኝ ጀመር። ልጆቹ ስፍራ ይለቁልኛል። ሚስቱ የልጆቿን ድርሻ ቀንሳ ታቀርብልኛለች። እኔ ግድግዳ ተደግፌ ዝንብ እያባረርሁ እኖራለሁ። ያን ሁሉ እያየሁም በቅሎዋ ቶሎ እንድትመጣ እመኝ ነበር።

በቅሎዋ ሳትመጣ አንድ ኤንትሬ የጭነት መኪና ከባሕር ዳር በኩል መጥቶ ቆመ። መጀመሪያ የየኔታ ነጭ ጥምጥም ታየኝ። ቀጥላ የሺመቤት የፋብሪካ ሽርጧን እንደለበሰች፣ ፀጉሯ ላይ የጥጥ ብናኝ እንዳለ ወረደች። ከፈረቃዋ አስፈቅዳ፣ የኔታን ይዛ መውጣቷ ነበር። ጎረቤት መሄዴን ነግሯት ነው።

«ይለፍ ወረቀት ሳትይዙ ኬላውን እንዴት አለፋችሁ?» አልሁ። ሌላ የምለው ጠፍቶኝ ነው።

የኔታ ከጎኔ ባለው አግዳሚ ላይ ቁጭ እያሉ «ወታደሩ ወዴት ነው ብሎ አገዳት» አሉ። «ባሌን ልፈታ ነው የምሄደው፣ ሳልፈታው አመለጠኝ አለችው። ወታደሩ እኔን አየኝ። እውነት ነው አልሁት። ሰደደን።»

ባለቤቲቱ ሳቋን ለመደበቅ ወደ ጓዳ ገባች። የሺመቤት አልሳቀችም። ፊት ለፊቴ ተቀመጠች።

«ሙሉቀን፣ ስትዘምት ደመወዝህን ማን ነበር የሚቀበለው?»

«አንቺ ነሻ።»

«ፋብሪካ እስክገባ ድረስ በየወሩ እየሄድሁ ፈርሜ ወሰድሁ። ቤት ቁጭ ብዬ በላሁት። አንተ ጥይት በሚዘንብበት ስፍራ፣ እኔ እዚህ በአንተ ገንዘብ። አፍሬ ነበር?»

«ለምን ታፍሪያለሽ? ያ የባል ግዴታ ነው።»

«የሚስትስ?»

«ነገ እኮ ሚስቴ አይደለሽም።»

«ገንዘብህን የበላሁት ግን እኔው ነኝ። ስፈታህ ሌላ ሰው አልሆንም።»

ወደ መንገዱ ዞርሁ። አንድ አውቶቡስ ቆሞ ሰዎች እየወረዱ ነበር፤ ሁሉም በሁለት እግራቸው ነው የሚወርዱት። ያን ጊዜ ለማንም ያልነገርሁትን ነገር ተናገርሁ።

«የሺ፣ ሰው ሲያዝንልኝ መታገሥ አልችልም። ሌላው ቢያዝንልኝ እሸሸዋለሁ። አንቺ ስታዝኚልኝ ወዴት እሄዳለሁ?»

«አላዘንሁልህም» አለች። «ተናድጄብሃለሁ። ያ ሞተር ሲታመም ከድምፁ የምትለይ ሰው፣ ግድግዳ ተደግፈህ ልታረጅ ትሄዳለህ። እኔ ልጅ ወልጄ ሳቅፍ አንተ የት እንዳለህ እያሰብሁ እንድኖር ነው የምትፈልገው?»

«እና በአንቺ ደመወዝ ባሕር ዳር ቁጭ ልበል?»

«ቁጭ ተብሎ የሚሠራ ሥራ የለም?»

እንደ ክርክር ነበር የጠየቀችኝ፤ መልስ አዘጋጅታ አልመጣችም። እኔ ግን መልሱ መጣልኝ። ጀልባ ላይ ሳለሁ፣ በየወደቡ ስንቆም፣ ዓሣ አጥማጆቹ ከዛፍ ሥር ቁጭ ብለው የተቀደደ መረብ ሲጠግኑ አይ ነበር። ጥሩ መረብ የሚሠራላቸው አጥተው ከሩቅ ነበር የሚያስመጡት። እጄ ደግሞ ደኅና ነው። በልጅነቴ ገመድ መግመድ ከአለምነህ ተምሬያለሁ።

«መረብ» አልሁ ለራሴ ያህል።

የኔታ ቀና አሉ። «ምን አልህ?»

«መረብ መሥራት ቁጭ ተብሎ ነው። ግን መልመድ ጊዜ ይፈልጋል። ናይለን ክርም በነፃ አይገኝም።»

የሺመቤት ዐይኗን ሳትነቅል አየችኝ። እኔም የተናገርሁት ገባኝ። የመልመጃውን ጊዜና የክሩን ገንዘብ ከእሷ ሌላ የሚሰጠኝ ማንም አልነበረም።

በዚህ መሐል አለምነህ በቅሎዋን እየሳበ ደረሰ። የሺመቤትን ሲያይ ቆመ። የኔታ የተባለውን ሁሉ አስረዱት። ወንድሜ በቅሎዋን ከምሰሶው ሳያስር ልጓሟን እንደያዘ አዳመጠ። ይቆጣል ብዬ ነበር።

«እኔ ቤት ብትመጣ እንጀራ አታጣም» አለኝ። «የሚሠራ ሥራ ግን ልሰጥህ አልችልም። ይህን መንገድ ሙሉ ሳስበው ነበር የመጣሁት።» ከዚያ ወደ የሺመቤት ዞረና ከወገቡ ዝቅ ብሎ እጅ ነሣት። እኔን ያሳደገኝ፣ ለማንም የማያጎነብሰው ወንድሜ ነው።

እኔም ተረታሁ። አንድ ነገር ብቻ ቀርቶኝ ነበር። «በብድር ይሁን» አልሁ። «ሥራ ስይዝ እመልስልሻለሁ።»

«ብድር ከሆነ አልሰጥም» አለች። «የበላሁትን መልሺ ብለኸኝ ታውቃለህ?»

«አላውቅም።»

«እንግዲያው እኔም አልልህም።»

የኔታ መስቀላቸውን ከደረታቸው አወጡና መልሰው ከተቱት። «ለማጋባት የሚጸለየውን አውቃለሁ» አሉ። «እንዲህ ለሚለያዩ ሰዎች የሚጸለይ ግን አልተማርሁም። እግዜር ራሱ ያውቃል።» ባለቤቲቱ የሻዩን ሒሳብ አልቀበልም አለች።

ባሕር ዳር ተመልሰን ማክሰኞ በቀበሌው ፍርድ ሸንጎ ቀረብን። ጸሐፊው ወጣት ነው። የሽማግሌዎቹን ውሳኔ አንብቦ «ጓዶች፣ እዚህ ስሙ ተገላብጧል፤ ቀለብ ቆራጩ ባል ነው የሚሆነው» አለ። ሐጂ ኑሩ አልተገላበጠም አሉት። ጸሐፊው እንዲህ ያለ ነገር ተመዝግቦ እንደማያውቅ፣ የበላይ አካል መጠየቅ እንዳለበት ተናገረ። የሺመቤት ከኋላው ባለው ግድግዳ ላይ በትልቁ የተጻፈውን መፈክር በጣቷ አሳየችው። ስለ ሴቶች እኩልነት ነበር የሚለው። «ጓድ፣ ይኼ የተጻፈው ለጌጥ ነው?» አለችው። ልጁ ዞሮ ግድግዳውን አየ፤ ወደ እኛ ተመለሰ፤ ጻፈ፤ ማኅተሙን መታበት። ስንወጣ በሩ ላይ ተሳሳምን። እሷ ወደ ፋብሪካዋ፣ እኔ ሐጂ ኑሩ ከመጋዘናቸው ጎን ወደ ሰጡኝ ክፍል ሄድን።

የመጀመሪያውን ወር ገንዘብ ከፋብሪካው ስቀበል ሰው ያየኝ እንደሆነ ዞሬ ማየቴን አልደብቃችሁም። ገንዘብ ያዡ ቀና ብሎም አላየኝ፤ ፈርም አለኝ፣ ፈረምሁ። በዚያው ክር ገዛሁ። የመጀመሪያው መረቤ ዓሣው ሁሉ የሚሾልክበት ነበር። ሁለተኛውን አንድ የዓሣ አጥማጆች ሽማግሌ እያሳየኝ አስፈታኝና እንደገና አሠራኝ። እያደር እጄ ለመደ። ከዘጌም ከደቅም መረብ የሚያዙኝ መጡ። የሺመቤት በመሐሉ የፋብሪካ ባልደረባዋን አገባች። ሰውየው ሲጠይቃት ከሁሉ አስቀድማ «ከደመወዜ ሲሶው የእኔ አይደለም፤ እሱን አውቀህ ከሆነ ግባ» እንዳለችው ራሱ ነግሮኛል። አውቆ ገባ። እሱንም አመስግኜው አልጠግብም።

ቆይቶ፣ ከሥራዬ ራሴን የምችልበት ቀን ሲደርስ፣ ቁረጡ የሚለው ደብዳቤ እንዲቀር ለመንገር ወደ ፋብሪካው ሄድሁ። ፈረቃ ሲለቀቅ በር ላይ ጠበቅኋት። ነፍሰ ጡር ነበረች።

«ከዚህ ወር ጀምሮ አስቁሚው» አልኋት።

ከላይ እስከ ታች አየችኝ። «ከልብህ ነው ወይስ ኩራትህ ተመልሶ መጣ?»

«ከልቤ ነው። ሁለት ሠራተኛ ቀጥሬያለሁ።»

«እንግዲያው እሺ» አለች። መንገዱ ላይ የፈረቃዋ ሴቶች እየሳቁ ሲጠሯት ሄደች። እኔ አጥሩን ተደግፌ ቆሜ ቀረሁ፤ የሆነ ነገር ከትከሻዬ የወረደ ያህል ነበር፤ ደስታ ነው ብዬ ልጠራው ግን አልችልም።

አንባቢዎቼ፣ ያ ነገር ምን እንደለወጠኝ ብትጠይቁኝ መረብ ሠሪ አደረገኝ ብቻ ብዬ አላልፍም። ከዚያ በፊት ሰጪ ካልሆንሁ ሰው አልሆንም ብዬ አምን ነበር። የሺመቤት ራስን ሳያዋርዱ መቀበል እንደሚቻል አሳየችኝ። ፍቅር ሲያልቅ ነው ሰው የሚፋታው ስትሉም እሰማለሁ። አንዳንዴ ነው እንጂ ሁልጊዜ አይደለም። ዛሬ በሽምግልና ስቀመጥ፣ ቀለብ ቁረጥ የተባለ ወንድ «ትታኝ ለሄደችው ነው?» ብሎ ሲቆጣ፣ አልቆጣውም። አብረህ በኖርህበት ጊዜ ማን ምን ሠራልህ ብዬ እጠይቀውና እንዲያስብ ጊዜ እሰጠዋለሁ። ብዙዎቹ አስበው ይስማማሉ። የማይስማሙም አሉ።

ባለፈው ዓመት የየሺመቤት የመጨረሻ ልጅ ተዳረች። ከፊት መደዳ አስቀመጡኝ። ከሙሽራው ወገን የመጣ አንድ ሽማግሌ፣ ጨዋ ሰው ነው፣ ጎኔ ተቀምጦ ለሙሽራዋ ምኗ እንደሆንሁ ጠየቀኝ። ብዙ አሰብሁ። አጎቷ አይደለሁም፤ አባቷም አይደለሁም፤ የእናቷ የፊተኛ ባል ነኝ ማለትም በሰርግ መሐል አይባልም። መልሱን ስፈልግ የሺመቤት እንግዶች ልታስተናግድ ከፊታችን ስታልፍ ጥያቄውን ሰምታው ነበር። ቆም አለች።

«እሱማ የእኛ ሰው ነው» አለችው፤ ለእኔም ሥጋ ጨመረችልኝና አለፈች።